ከሽሮፕ በኋላ ልጁ አየር ላይ ነገር ሲለቅም

ለገጣፎ አካባቢ ድንገተኛ ክፍል ለምንሠራ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉንፋን ሲበረታ ደግሞ ይብሳል።

ምልክቱ፦ ልጁ የአለርጂ ወይም የጉንፋን ሽሮፕ ከልክ በላይ ጠጥቷል። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይፈጥናል። ሽንቱም እምቢ ይላል። ቀጥሎ ይቃዣል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ጉንዳን ይለቅማል። አንዳንዱ ግን ድብን ብሎ ይተኛል። ብብቱን ዳስሱ። ትኩስና ደረቅ ከሆነ ሽሮፑን ጠርጥሩ። ላብና ለሃጭ ካጥለቀለቀው፣ ብሌኑም ከጠበበ፣ የአትክልት ፀረ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ያው ወደ ሐኪም ሩጫ ነው።

መንስኤው፦ ማንኪያ! ሁሌ ማንኪያ! የታዘዘው 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ግን ወደ 15 ይይዛል። እናት ጠዋት ሰጥታ ሥራ ትሄዳለች፤ አያት ሳያውቁ ይደግማሉ። ከሌላ ፋርማሲ የመጣ ጠርሙስም አለ፤ ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ያው ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት። አንዲት እማማ «እንዲተኛልኝ ብዬ ነው ትንሽ የጨመርኩት» አሉኝ። ልጁ ሲለፈልፍ «ለክፎት ነው» ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ መጀመሪያ ጠበል ሄዷል። ላብ የማይወጣው ሰውነት ላይ ጋቢ! ጠበሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሕክምና። መለኪያ ሳይሰጥ ሽሮፕ የሚሸጥም ይወቀስ።

ለመወፈር የሚዋጠው ሳይፕሮሄፕታዲንም ዘመዱ ነው። ሴቲሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉት የአለርጂ መድኃኒቶች ሲበዙ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ነው የሚያበዙት፤ ቢሆንም ይታይ።

መፍትሔው፦ ወተት አትጋቱት። ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት፤ እንቅልፍ ከያዘው ወይም ካንቀጠቀጠው ትውከቱ ሳንባው ይገባል። ጋቢውን አውልቁ። ከደከመ በጎኑ አስተኙት። ቢያንቀጠቅጠው ክብሪት አትጫሩ፣ አፉም ውስጥ ምንም አትክተቱ። 907 ደውሉ፤ አምቡላንሱ ከዘገየ የጎረቤት መኪና ለምኑ። እስኪነጋ እንየው አይባልም።

ጠርሙሶቹን በሙሉ ይዛችሁ ኑ። ስንት እንደጠጣና መቼ እንደጠጣ እውነቱን ንገሩን፤ የምንቆጣ ብንሆን እንኳ። እኛ የልቡን ምት በኢሲጂ እናያለን፤ ከተንቀጠቀጠ ዳያዜፓም አለ፤ የልቡ ምት ከተዛባ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ ፓራሲታሞል የሚል ካለ ለይታችሁ አሳዩን። ጉበትን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው፤ ልጁ ነቅቶ እየተጫወተም ቢሆን ደሙ መመርመር አለበት። አዋቂ ሆን ብሎ ውጦ ከሆነ ደግሞ ለአፍታም ብቻውን አትተዉት።