ትራንስፈር ኬዝ መቀየር፦ ከመምረጥ እስከ መግጠም

ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። ሎው የምንለውን ከባድ ማርሽም የሚሰጠን እሱ ነው። ድንጋያማ መንገድ ወይም ቀጥ ያለ ዳገትና ቁልቁለት የሚያዘወትር ሰው የፋብሪካው ሎው አልበቃ ሲለው ሌላ ሳጥን ማማተር ይጀምራል። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አብዛኛው ራስ ምታት የሚመጣው ሳይለኩ ከመግዛት ነው።

በመጀመሪያ፣ ችግሩ የትራንስፈር ኬዝ ነው?

ትልቅ ጎማ አስገብታችሁ መኪናው በአስፋልት ላይ ከደከመባችሁ መፍትሔው እዚህ የለም። በአብዛኞቹ ትራንስፈር ኬዞች ሃይ፣ ማለትም ለተለመደው ጉዞ የሚያገለግለው ማርሽ፣ አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ ሳጥኑን ብትቀይሩም የአስፋልቱ ጉዞ አይለወጥም። የሚቀየረው የዲፈረንሻሉ ጥርስ ነው። አንድ ጎማ አየር ላይ እየተሽከረከረ መኪናው የሚቆምባችሁ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ የግራና የቀኙን ጎማ አስሮ እኩል የሚያዞረው የዲፈረንሻል ሎክ ነው። ትራንስፈር ኬዝ የሚቀየረው መኪናው በሎው አንደኛ ማርሽ እንኳን እየፈጠነ ፍሬንና ፍሪሲዮን እየበላ ሲያስቸግር፣ ወይም የፋብሪካው ሳጥን ጉልበቱን አልችል ሲል ነው።

ሳጥኑን ሳይነኩ የውስጡን ጥርስ ብቻ መቀየርም ይቻላል። የድሮው ቶዮታ ሃይለክስ የጥርስ ትራንስፈር ኬዝ ሎው 2.28 ነው፣ ማለትም መግቢያው 2.28 ጊዜ ሲዞር መውጫው አንዴ ይዞራል፤ ወደ 4.7 የሚያደርሰው የጥርስ ስብስብ ለብቻው ይሸጣል። ለሱዙኪ ሳሙራይም እንዲሁ አለ። ለመኪናችሁ እንዲህ ዓይነት አማራጭ ካለ መጀመሪያ እሱን አስቡ። ከታች የምነግራችሁ የልኬት ጣጣ ግማሹ ይቀርላችኋል።

ሒሳቡን ሥሩ

የካምቢዮውን አንደኛ ማርሽ፣ የትራንስፈር ኬዙን ሎውና የዲፈረንሻሉን ቁጥር አባዙ። ለምሳሌ አንደኛ ማርሽ 4.0፣ ሎው 2.72፣ ዲፈረንሻል 4.10 ቢሆን 44.6 ይመጣል። ሎውን ብቻ ወደ 4.0 ስትቀይሩ 65.6 ይሆናል። ይህ መሬት ላይ ምን ማለት ነው? ባለ 33 ኢንች ጎማ መኪና፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር እየዞረ፣ በመጀመሪያው ስሌት በሰዓት 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሁለተኛው ወደ 1.9 ይወርዳል። ድንጋይ ላይ ይህ ልዩነት በደንብ ይሰማል።

ግን ቁጥር ብቻ አያጓጓችሁ። ሎው በከበደ ቁጥር ወደ ሻፍቱ (ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ)፣ ወደ ክሮቼራው (የሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ) እና ወደ አክስሉ የሚሄደው ጉልበትም በዚያው ልክ ይበዛል። ያላችሁ አክስል ቀጭን ከሆነ ቀጥሎ የሚሰበረው እሱ ነው። በጭቃና በአሸዋ ላይ ደግሞ ጎማው ፍጥነት ይፈልጋል፤ በጣም የከበደ ሎው መኪናውን እዚያው ያሰምጠዋል። ለተደባለቀ መንገድ ከ3 እስከ 4 ያለው ይበቃል ባይ ነኝ። 5 ለድንጋይ ብቻ ለሚኖር መኪና ነው።

ጥንካሬና ከባድ ሎው አንድ አለመሆናቸውንም አትርሱ። ኤንፒ 205 የሚባለው ከቀለጠ ብረት የተሠራ ሳጥን በጥንካሬው ስም ያለው ነው፤ ሎው ግን 1.96 ብቻ ነው። በብዙ ጂፖች ላይ ያለው ኤንፒ 231 በአሉሚኒየም የተሠራ ባለ ሰንሰለት ሆኖ 2.72 ይሰጣል። አትላስ የተባለው ከፋብሪካ ውጭ የሚሠራ ሳጥን ደግሞ ከ2.0 እስከ 5.0 ባሉ የተለያዩ ቁጥሮች ይመረጣል። ሰንሰለት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ዕድሜ ሲጫነው ግን ይረዝምና በጉልበት ጊዜ እየዘለለ ይጮሃል። ጥርስ በጥርስ የሚሠራው ይጠነክራል፣ ግን ያፏጫል። ፉጨቱን የማትችሉ ከሆነ ከወዲሁ እወቁት።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡ

ሜትር፣ ባትሪና ማስታወሻ ይዛችሁ ግቡ። መጀመሪያ የፊት ዲፈረንሻሉ እንቁላል፣ ማለትም ጥርሶቹን የያዘው ክብ ክፍል፣ በግራ ነው በቀኝ? የትራንስፈር ኬዙ የፊት መውጫ በዚያው ጎን መሆን አለበት። በሌላው ጎን የሚወጣ ሳጥን ምንም ያህል ቢረክስ አይሆናችሁም።

ከዚያ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ጥርስ ይቆጠራል። 21፣ 23፣ 27፣ 32 ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳን እንደ ዓመቱና እንደ ካምቢዮው ይለያያል። አንዱን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርጉና ከዚያ ጀምራችሁ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። በዓይን ግምት 21ና 23ን መለየት የሚችል ሰው አላየሁም። ዘንጉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚወጣና የብሎኖቹ ቀዳዳ አቀማመጥም ይለካ። ካልገጠመ መሸጋገሪያ ይሠራለታል፤ እሱ ግን ርዝመት ይጨምራል።

ርዝመቱ ላይ ቆም በሉ። አዲሱ ሳጥን ከነመሸጋገሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም የኋላው ሻፍት በዚያው ልክ ማጠር አለበት። በረጅም መኪና ላይ ይህ ምንም አይደለም። በአጭር መኪና፣ ያውም ከፍ በተደረገ ላይ፣ ሻፍቱ ይበልጥ ይዘመምና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ስለዚህ የሁለቱን ሻፍት ወጪ ከሳጥኑ ዋጋ ጋር ደምሩ። ሁሌም ማለት ይቻላል ሻፍት ይሠራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በገመድ ነው ወይስ በሴንሰር የሚሠራው? የማርሽ ዘንጉ ከወለሉ በየት በኩል ይወጣል? የጭስ ማውጫው ይነካዋል? እነዚህንም ጻፉ።

አሮጌውን ማውጣት

ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ምረጡ። በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ሽብልቅ አድርጉ፣ መኪናውን በስታንድ አስቀምጡ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። አውቶማቲክ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ሻፍቱ ከተነቀለ ወይም ትራንስፈር ኬዙ ኒውትራል ላይ ከሆነ የማቆሚያው ማርሽ፣ ፒ፣ መኪናውን አይዘውም።

ዘይቱን ስታፈሱ ከሁሉ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍቱ። የማፍሰሻው ቀድሞ ተፈቶ የመሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ተገትሮ ይቀራል።

ሻፍቶቹን ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱም ጫፍ ላይ በቀለም መስመር አስምሩ። የክሮቼራውን ቆቦች በፕላስተር ጠቅልሏቸው፤ ካልሆነ በውስጣቸው ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች ወለሉ ላይ ይበተናሉ። የማርሽ ዘንጉን፣ ሽቦዎቹንና የመተንፈሻ ቱቦውን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

በብዙ መኪኖች ካምቢዮው የሚያርፈው ከቻሲ ቻሲ በተሻገረው ብረት ላይ ነው። ብረቱ ከመውጣቱ በፊት ካምቢዮውን ከሥር በእንጨትና በክሪክ ደግፉት። አለበለዚያ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዘነበላል፣ ቱቦዎች ይወጠራሉ፣ የራዲያተሩ ፋን መከለያውን ሊመታ ይችላል። ሳጥኑን ለካምቢዮ በተሠራ ክሪክ ላይ በቀበቶ እሰሩና የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ፍቱ። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ኤንፒ 205ን የመሰለው ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናልና በደረቴ እቀበለዋለሁ የሚል ጀግና አያስፈልግም።

አዲሱን መግጠም

ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ መግቢያውን በእጅ እያዞራችሁ ሁሉንም ማርሽ አስገቡ። የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር ካለ መመለስ የሚቻለው አሁን ነው። የካምቢዮውን የኋላ ኦይል ሲል በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩት፣ ፊቶቹን አጽዱ፣ አምራቹ ጓርኒሲዮን ካለ ጓርኒሲዮን፣ ሲሊከን ካለ ስስ ሲሊከን አድርጉ።

ሥራውን በጣም የሚያቀልል ዘዴ አለ። ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ጭንቅላታቸውን ቆርጣችሁ በካምቢዮው ላይ በሁለት ቀዳዳ አስገቡ። ሳጥኑ በእነሱ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል። የመጨረሻዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ እንቢ ካለ የኋላውን መውጫ በእጅ በትንሹ አዙሩ፤ ጥርሶቹ ሲገናኙ በራሱ ይገባል። በብሎን እየሳባችሁ ለማስገባት አትሞክሩ። የአሉሚኒየሙ ጆሮ ይሰነጠቃል። ከገጠመ በኋላ ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ አምራቹ በሰጠው ቁጥር፣ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ።

ሻፍት የሚለካው መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ ነው። በስታንድ ላይ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከለካችሁ ልኩ ይሳሳታል። ሻፍቱ ሱስታው ሲጨመቅም ሲዘረጋም የሚንሸራተትበት ቦታ ሊተርፈው ይገባል። በሁለት ጫፍ ነጠላ ክሮቼራ ካለ፣ የትራንስፈር ኬዙ መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ይሁኑ። በላይኛው ጫፍ ድርብ ክሮቼራ ካለ ግን ዲፈረንሻሉ በቀጥታ ወደ ትራንስፈር ኬዙ ያያል። ይህን ያደባለቀ ሰው መኪናው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ሲፈልግ ይከርማል።

የማርሽ ዘንጉን ስታስተካክሉ እያንዳንዱ ማርሽ እስከ መጨረሻው መግባቱን እዩ። ዱላው ወለሉን ቀድሞ ከነካ ማርሹ በግማሽ ይገባና ቁልቁለት ላይ ይዘላል። ለማንም የማልመኘው ነገር ነው። ዘይቱ እንደ ሳጥኑ ነው፦ አንዳንዱ ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት)፣ አንዳንዱ 75 ደብልዩ 90 (የማርሽ ዘይት) ይላል። ካምቢዮው የጠጣውን ለዚህም መስጠት ልማድ ነው፤ እናንተ ግን መመሪያውን አንብቡ። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ሙሉት። የመተንፈሻ ቱቦውን ደግሞ ውኃ ወደማይደርስበት ከፍታ ስቀሉት።

ሙከራ

መጀመሪያ በሁለት ጎማ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቀጥሎ አፈር ላይ ፎር ሃይ፣ ከዚያ ቆማችሁ ፎር ሎው አስገቡ። ሳጥኑ ፓርት ታይም፣ ማለትም አራቱም ጎማ በተፈለገ ጊዜ ብቻ የሚያያዝበት፣ ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር አታስገቡ፤ የፊትና የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞር ሳጥኑን ያስጨንቀዋል።

ንዝረቱ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ ሻፍቱን ተመልከቱ። ሎው ላይ ብቻ ጉርምርምታ ከተሰማ ችግሩ ከውስጥ፣ ከጥርስ ወይም ከኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ሥሩን እዩ፣ ዘይት ያለቀሰበትን ቦታ ጥረጉና በማግስቱ እንደገና ተመልከቱ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዱ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ ፈትሹ፣ የመጀመሪያውን ዘይትም ቀይሩ። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ቢገኝ የጥርሶቹ መላመድ ነው፣ አያስደነግጥም። በጣት የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ከሆነ ግን መኪናውን አቁሙና ሳጥኑን አስከፍቱ።