ጅማ ላይ ለቤት የስፖርት ዕቃ ሲገዙ መጀመሪያ ክፍሉን ይለኩ

የቤት የስፖርት ዕቃ ጥግ ይዞ ልብስ መስቀያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቦታው ሳይለካ ስለሚገዛ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ሜትር ይያዙ። ለዱምቤል (በአንድ እጅ ለሚነሣ ክብደት) እና ወለል ላይ ለሚሠራ እንቅስቃሴ 2 ሜትር በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ይበቃል፤ ተንጋልለው እጅዎን ሲዘረጉ ግድግዳም ሶፋም መንካት የለብዎትም። ገመድ ለመዝለል ከራስዎ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያስፈልጋል፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ በረንዳ ይሻላል። ቡና ተፈልቶበት ከሰሉ ገና ያልጠፋ ክፍል ግን ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ስፖርት አይሠራበትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ደግሞ በኃይል ስለሚተነፍስ አብዝቶ ይስበዋል። ከሰሉን አውጥተው፣ መስኮት ከፍተው፣ አየሩ ሲለወጥ ይጀምሩ።

ቀጥሎ የሚታሰበው እርጥበት ነው። በጅማ ክረምት ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ብረት ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ይዝጋል። ሁለት ጣውላ አነጥፈው ዕቃውን ከላዩ ያስቀምጡ። ላብ ጨው ስላለበት ከዝናቡ ባላነሰ ብረት ይበላል፤ ከሠሩ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በወር አንዴ ደግሞ ቀለም ያልነካውን ብረት በጥቂት የስፌት ማሽን ዘይት ያብሱት። መያዣውን ዘይት አያስነኩ፣ ያዳልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። የሚገዙት ዕቃ እነዚህን ሁለቱንም መሸፈን አለበት። ትሬድሚል (ቀበቶው ከእግር ሥር እየሄደ የሚሮጡበት ማሽን) ብቻ የገዛ ሰው ጡንቻውን ይረሳል፤ ዱምቤል ብቻ የገዛም ልብና ሳንባውን። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዱምቤል ነው፤ እሱም የሚፈታታው ዓይነት። ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግዎ ለማወቅ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ8 እስከ 12 ጊዜ አንስተው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚከብዱበት ክብደት የእርስዎ ነው። 15 ጊዜ ያለ ችግር ካነሱት ቀሏል፤ 6 ላይ ወገብዎ መወዛወዝ ከጀመረ ከብዷል። ለብዙ ጀማሪ በአንድ እጅ ከ2 እስከ 10 ኪሎ የሚቀያየር ጥንድ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል፤ እግር ግን ቶሎ ስለሚጠነክር በኋላ ክብደት መጨመር የሚቻልበትን ይምረጡ።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ክብደቱ ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ አጠገብ ያለ የእህል ሚዛን ላይ ያስመዝኑት። ሁለተኛ፣ ከላይ ፕላስቲክ የሆነው ክብደት ብዙ ጊዜ ውስጡ ሲሚንቶ ወይም አሸዋ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ከእጅ ሲወድቅ ይሰነጠቅና ይፈሳል። ሙሉ ብረቱ ውድ ቢሆንም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሦስተኛ፣ የክብደቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ጋር ይገጥም። የቤት ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጂም ትልቁ ዘንግ 50 ነው። ያገለገለ ክብደት ለየብቻ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያውም ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ የሚጠመዘዘው ይሁን፤ በስፕሪንግ የሚያዘው ሲላላ ክብደቱ ፊት ላይ ይወርዳል።

የጅማ አናጺ እጅ በበርጩማ የታወቀ ነውና የመወጣጫ ሳጥን ማሠራት ከማንም በላይ ለእናንተ ይቀላል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ስፋት፣ 20 ከፍታ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ። እግሮቹ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበሉ፣ አለበለዚያ ጠርዙን ሲረግጡ ይገለበጣል። በምስማር ብቻ አያስመቱት፤ ሰው በየቀኑ መቶ ጊዜ ሲወጣበት ምስማር ይላላል። በኮላና በቪቴ ይታሰር። ከላይም ከእግሮቹ ሥርም ያረጀ ጎማ ይለጠፍበት። ዝናቡ አላስወጣ ሲል 20 ደቂቃ መውጣት መውረድ ጥሩ ላብ ያወጣል።

የዝላይ ገመድ ርዝመቱን መሐሉን በእግር ረግጠው መያዣዎቹን ወደ ላይ በመሳብ ይለኩ፤ ብብት ሥር ከደረሰ ልክ ነው። 30 ሴኮንድ ዘልለው 30 ሴኮንድ ያርፉ፣ 10 ዙር። ከ2 እና 3 ሴንቲ ሜትር በላይ መነሣት ትርፍ ድካም ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር የሚዘል ሰው በሳምንቱ ቅልጥሙን ያመዋል። ጉልበት የሚያመው ደግሞ ገመዱን ትቶ ወደ ሳይክል ይሂድ።

መንጠልጠያ ብረት ለሚፈልግ፣ በር ጉበን መካከል የሚወጠረውን አንመክርም። ቀለም የተቀባ የላሜራ ጉበን ያንሸራትታል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳም የሰው ክብደት አይሸከምም። ግቢ ካለ ብየዳ ቤት ያሠሩት፦ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የ1 ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ በሁለት ምሰሶ ላይ፣ ምሰሶዎቹ 70 ሴንቲ ሜትር ተቀብረው በኮንክሪት የተሞሉ። ኮንክሪቱ አንድ ሳምንት ሳይሞላው አይንጠልጠሉ። የምሰሶዎቹን አናት በብረት ያስደፍኑ፤ ክፍት ከሆነ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል፣ ከውጭ ደህና መስሎ አንድ ቀን ይሰበራል።

የቤት ሳይክል ሲመርጡ በማግኔት የሚከብደውን ይውሰዱ። በጨርቅ ከሚያዘው ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያልቅ ጨርቅም የለውም፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ኮርቻው የሚስተካከለው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ሲያወርዱት ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ በሚዘረጋበት ቁመት ነው። ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል። ሲገጥሙት የግራው ፔዳል ጥርስ የተገለበጠ መሆኑን ያስታውሱ፤ ወደ ግራ እየዞረ ነው የሚጠብቀው። በግድ ወደ ቀኝ ያዞረው ሰው ጥርሱን ይበላዋል፣ ያ መለዋወጫ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ትሬድሚልን መጨረሻ ያደረግነው ከመብራቱና ከክብደቱ የተነሣ ነው። ከጥቅሙ በፊት አደጋውን ያስቡ፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ ቀበቶው ይቆማል፣ ሯጩ ግን አይቆምም። ቀበቶው እየሄደ ቢወድቁ ደግሞ እንዲያቆመው የደኅንነት ክሩን ልብስዎ ላይ ያስሩ፣ ከኋላው 2 ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ምጣድ ከተጣደበት መስመር ላይ፣ ወይም በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰኩት። ከክብደትዎ ቢያንስ 20 ኪሎ በላይ የሚሸከም ይምረጡ። ቀበቶው የሚቀባው በሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት ቀበቶውን ያበላሸዋል። ያገለገለ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ 10 ደቂቃ ይሂዱበት፤ የሚነድ ነገር ከሸተተ ወይም ቀበቶው ወደ አንድ ጎን ከተሳበና ተስተካክሎም ከተመለሰ፣ ይተዉት። በበጋ ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገት ክፍያ የለውም፤ በክረምት የመወጣጫ ሳጥኑ አለ።