«ባቡሩ አጠገብ ቤት ሊሠራ ነው» ሲባል፦ በፕላን ገንዘብ ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲያትል ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትኖሩ ይህችን ወሬ ሳትሰሟት አትቀሩም። «መንግሥት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሚሠራ ቤት ሚሊዮን ዶላር ለቀቀ።» ወሬዋ በቴሌግራም ትዞራለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትነሳለች። ወዲያው ደግሞ «ታዲያ የት ነው የምንመዘገበው?» የሚል ይመጣል።

መመዝገቢያ የለም። ብዙ ጊዜ የሚወራለት ገንዘብ የፌዴራሉ የትራንዚት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍቲኤ፣ በባቡርና በፈጣን አውቶቡስ መስመር ዙሪያ ለሚደረግ ልማት ፕላን ማውጫ የሚሰጠው ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ2012 በወጣ የትራንስፖርት ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ እስከ 2026 በጀት ያዘለት። ስሙ ግን አሁንም «የሙከራ ፕሮግራም» ነው። ለካ አሥር ዓመት ያለፈው ሙከራ አሜሪካም አለ።

ለመላው አገር የሚደርሰው በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዚህ አንድ ጣቢያ እንኳ አይሠራም። ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ቤቱ የት ይሁን፣ ስንት ፎቅ ይሁን፣ ማን ይኑርበት የሚለው መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በዚህ ገንዘብ ነው። የእኛ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የፕላኑን ገንዘብ የግንባታ ገንዘብ አድርጎ ማየት

በዚህ ግራንት አንድ ብሎኬት አይገዛም። የባቡሩ የምህንድስና ዲዛይን አይሠራበትም፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱም አይካተትም። ቀድሞ ላለቀ ጥናትም ወጪ አይተካም። የሚከፈልበት ሌላ ነገር ነው፦ በመስመሩ ላይ ያለውን መሬት ማጥናት፣ የዞኒንግ (የት ቦታ ምን ዓይነትና ስንት ፎቅ ሕንፃ እንደሚፈቀድ የሚወስን ደንብ) ለውጥ ማዘጋጀት፣ የእግረኛና የሳይክል መንገድ የት እንደጎደለ መለየት፣ የቤት ገበያውን መመርመር፣ ነዋሪውን ሰብስቦ ማነጋገር።

ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ተቃራኒው ስህተት ይገባል። «ወረቀት ከሆነማ ምን ይሠራልናል?» ይላል። ዛሬ ባለ አንድ ፎቅ ሱቆች የተደረደሩበት ቦታ ላይ ሰባት ፎቅ እንዲሠራ የሚፈቅደው ያ ወረቀት ነው። አዲሱ ሕንፃ ፓርኪንግ ይኑረው አይኑረው፣ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ይሁን ጂም፣ ሁሉም ከእሱ ይነሳል። ዲቨሎፐሮች ይህን ስለሚያውቁ ጠበቃ ይዘው ነው የሚመጡት።

ማመልከቻውን ኮሚኒቲው የሚያስገባ አድርጎ ማየት

ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለዚህ ግራንት በቀጥታ ማመልከት አይችልም። አመልካቹ የስቴት ወይም የአካባቢ መንግሥት አካል ሆኖ ቀድሞም ከኤፍቲኤ ገንዘብ የሚቀበል መሆን አለበት። ወይ መስመሩን የሚሠራው የትራንስፖርት ድርጅት ነው፣ ወይ በመሬቱ አጠቃቀም ላይ ሥልጣን ያለው ሲቲ ወይም ካውንቲ ነው። አንዱ ሲያመለክት ደግሞ ሌላውን አጋር ማድረግ ግዴታው ነው።

ታዲያ ማኅበራችን የት ይገባል? እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ሲቲው ስልክ ይደውልና «የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልን» ይላል። ሊቀመንበሩ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ደብዳቤው ማመልከቻውን ያሳምረዋል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ደብዳቤውን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ እኛ አለን ወይ? በጀትስ ተይዞልናል?» ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የሚጠይቅ፣ ስብሰባ የሚያዘጋጅ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሥራ በነፃ መሆን የለበትም። ግራንቱ ከጸደቀ በኋላ «እኛንስ?» ብትሉ በጀቱ ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ። የጨረታ ደንብ ሊኖር ስለሚችል እሱንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

የትኛውም ጣቢያ ያስገኛል ብሎ ማሰብ

አያስገኝም። ፕሮግራሙ የሚሸፍነው አዲስ የሚዘረጋ ባቡር ወይም የራሱ መንገድ ያለው ፈጣን አውቶቡስ ያለበትን አካባቢ ነው። ያለው መስመር ጢም ብሎ ሞልቶ የመያዝ አቅሙ በጉልህ የሚጨምርበት ፕሮጀክትም ይገባል። ተራ የአውቶቡስ ፌርማታ አይገባም።

የሲያትሉን ሬኒየር ቫሊ እንውሰድ። በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሐል ለመሐል የሚያልፈው ላይት ሬል (ቀላል ባቡር) ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2009 ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ መስመር ሊቆጠር አይችልም። ግን ሲቲው በ2011 ለዚያው ሰፈር ከፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር 3 ሚሊዮን ዶላር የፕላን ገንዘብ አግኝቷል። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። ሲቲውን «የቱ በር?» ብሎ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ባቡሩ ሲመጣ መንቃት

ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለው ይህ ነው። የመሬት ዋጋ የሚንቀሳቀሰው ሪባን ሲቆረጥ አይደለም። መስመሩ የት እንደሚያልፍ በታወቀ ማግስት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራውን ፐርፕል ላይን የተባለ የባቡር መስመር እዩት። ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ሲልቨር ስፕሪንግን ሲያልፍ የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ከሞላበት ሰፈር ብዙም አይርቅም። ግንባታው በ2017 ተጀመረ። ዋናው ተቋራጭ በ2020 ጥሎ ወጣ። ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ኪራይ ግን ባቡሩን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

ጥሩው ነገር አንዳንዶች ቀድመው መንቃታቸው ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ አራት ዓመት በፊት፣ በ2013፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የፐርፕል ላይን ኮሪደር ጥምረት ተቋቋመ። ካውንቲዎች፣ ማኅበራት፣ ነጋዴዎች አንድ ላይ ተቀመጡ። በ2017 የጋራ ስምምነት ፈረሙ። በኋላም ያ የኤፍቲኤ የፕላን ግራንት 2 ሚሊዮን ዶላር በስቴቱ የትራንዚት ድርጅት በኩል ለመስመሩ መጣ። በቤት በኩል ግልጽ ቁጥር አስቀመጡ፦ በዓመት ከ70,000 ዶላር በታች ለሚያገኙ ቤተሰቦች 17,000 ቤት እንዳይጠፋ። ቁጥሩ ይሳካ አይሳካ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥር ከሌለ ግን ማንንም መጠየቅ አይቻልም።

ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ደግሞ ነዋሪው ጮኾ ያገኘው ሌላ ነገር አለ። ባቡሩ በዋሻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ እንዲሄድ ሲወሰን፣ በግንባታው የሚጎዱ ነጋዴዎችን ለመደገፍና ሰፈሩን ለማልማት 50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ተያዘ። ቢሆንም መንገዱ ተቆፍሮ ደንበኛ ሲሸሽ የዘጉ ሱቆች ነበሩ። ገንዘብ ሁሉንም አያድንም። ያም ሆኖ ፈንዱ የተገኘው ቁፋሮው ሳይጀመር ስለተጮኸ ነው።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ባቡርና ቤት ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን አይጠፋውም። ቀላል ባቡሩ በ2015 ሥራ ጀመረ። እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉት ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ግን ከሐዲዱ ርቀው ቀሩ።

የገቢ ጣሪያውን ሳይጠይቁ ማጨብጨብ

ስብሰባ ላይ «አፎርደብል ሃውሲንግ (በገቢ ልክ የሚከራይ ቤት) እንሠራለን» ሲባል አዳራሹ ያጨበጭባል። ወዲያው መጠየቅ ያለበት፦ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ስንት ፐርሰንት ለሚያገኝ ሰው?

ዋሽንግተን ስቴት ጥሩ ሕግ አላት። የሲያትል አካባቢን ባቡር የሚሠራው ድርጅት፣ ሳውንድ ትራንዚት፣ ከተረፈው መሬት ለቤት የሚመቸውን 80 በመቶ ለአፎርደብል ቤት ሠሪዎች ቀድሞ ማቅረብ አለበት። እዚያ ከሚሠሩት ቤቶች 80 በመቶው ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶና ከዚያ በታች ለሆነ ሰዎች ይሆናል። ሦስቱም ሰማንያ ስለሆነ ለማስታወስ ይቀላል። ግን ሲያትል ውስጥ ለአራት ሰው ቤተሰብ 80 በመቶው በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። አባት ፓርኪንግ፣ እናት ሆም ኬር የሚሠሩበት ቤተሰብ ጣሪያውን አያልፍም። ግን ኪራዩ የሚሰላው በእነሱ ገቢ ሳይሆን በጣሪያው ከሆነ፣ ቤቱ በስም ለእነሱ ሆኖ በዋጋ ለሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ፕላኑ ላይ 30፣ 50፣ 60 በመቶ የሚባሉት እርከኖች ስንት ስንት ቤት እንዳላቸው ጠይቁ። ቀጥላችሁ ስንት መኝታ እንደሆኑም ጠይቁ። ዲቨሎፐር ስቱዲዮ ይወዳል። አራት ልጅ ያለው ሰው ስቱዲዮ ምን ያደርግለታል?

ከእኛ ሰው ይህን በተግባር ያሳየ አለ። በሲያትል የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሬኒየር ጎዳና ላይ ከነበረው ቦታው ላይ ከአንድ የቤቶች ድርጅት ጋር ሆኖ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የተባለ ለአረጋውያን የሚሆን 90 ያህል አፓርታማ ያለው ሕንፃ አሠርቷል። ያ የሆነው ማኅበሩ መሬቱን ቀድሞ ስለያዘ ነው። መሬት ያለው ሰው ፕላን ሲወጣ ወንበር አለው።

ተከራዩን መርሳት

የፕላን ባለሙያ ካርታ ሲዘረጋ የሚያየው የመሬቱን ባለቤት ነው። እንጀራ ቤቷ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው ካርታው ላይ የሉም። ተከራዮች ናቸውና። አንዳንዶቹ ውላቸው ወር በወር ነው። ሕንፃው ሲሸጥ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይበቃቸዋል።

ማኅበር ያላችሁ ሰዎች፣ ከጣቢያው ግማሽ ማይል ዙሪያ ያሉትን የእኛን ሱቆች ዘርዝሩ። ውላቸው መቼ ያልቃል? ስንት ካሬ ፊት ይጠቀማሉ? ስንት ሰው ይቀጥራሉ? ይህን ዝርዝር ለፕላን ቢሮው በጽሑፍ ስጡ። «ኪራይ ተወደደብን» የሚለው ብሶት ከስብሰባው ጋር ያበቃል። «ምድር ቤቱ ላይ ትንንሽ ሱቆች ይኑሩ፣ የነበሩት ተከራዮች ቅድሚያ ያግኙ» የሚለው ግን ፕላኑ ውስጥ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሊገባ ይችላል።

አስተርጓሚም ጠይቁ፤ አትፈሩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው መንገድ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። መነሻው የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ብቻ ከስብሰባው ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ በር ላይ ደርሳችሁ ሳይሆን።

ስለ ማዛመጃ ገንዘብ አለመጠየቅ

በመደበኛው የፌዴራሉ ድርሻ እስከ 80 በመቶ ነው፤ ቀሪውን አመልካቹ ይሸፍናል። ድሃ ለሆኑ አካባቢዎች ድርሻው ከፍ የሚልበት መንገድ አለ። ሲቲው «ማዛመጃ የለንም» ብሎ ከመተዉ በፊት ይህን አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ፕላኑ ሲያልቅ ወደ ቤት መሄድ

ያማረ ፒዲኤፍ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሁሉም ይበተናል። ፕላኑ ግን በራሱ ሕግ አይደለም። ሕግ የሚሆነው ሲቲ ካውንስሉ የዞኒንጉን ለውጥ በድምፅ ሲያጸድቅ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ቀን የሚመጣው ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ነው። በመሐል ያሉት ለውጦች የሚገቡትም ያኔ ነው፦ ለቤተሰብ የታሰበው ባለ ሦስት መኝታ ይቀንሳል፣ የሱቁ ቅድሚያ «ቢቻል» የሚል ቃል ይጨመርበታል። የካውንስሉን የኢሜይል ማስታወቂያ ተመዝገቡና የድምፁን ቀን ያዙ። መምጣት ያልቻለ ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ ይላክ። ከድምፁ በፊት ከደረሰ ሁለት መስመርም ብትሆን መዝገብ ላይ ትገባለች።