ስኑከር ላይ መሻሻል ከፈለጉ ከነጯ ኳስ ይጀምሩ

ብዙ ሰው ስኑከር፣ ማለትም በነጯ ኳስ ሌሎቹን ኳሶች እየመቱ ወደ ጠረጴዛው ቀዳዳዎች የማስገባት ጨዋታን፣ የሚለማመደው ጨዋታ በመጫወት ብቻ ነው። ጨዋታ ደስ ይላል፤ ችሎታን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳድገው። የሚያስቸግርዎት ምት በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንዴ ቢመጣ ነው። ለብቻ ሲሆኑ ያንኑ ምት እስኪለምዱት መደጋገም ይችላሉ።

ስቴካ (የኳስ መምቻ ዘንግ) ይምረጡና አይቀያይሩ። ውድ መሆን የለበትም፤ ቀጥ ያለና የጫፉ ቆዳ ያልተጎዳ ይሁን። ቆዳውን ቶሎ ቶሎ ጠመኔ ይቀቡት።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን ባዶ ያድርጉት። ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝና ጥቁር ኳስ የሚቀመጡባቸው ነጥቦች ጠረጴዛውን ለሁለት በሚከፍል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። ነጯን ቡናማው ነጥብ ላይ ያስቀምጡ። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ አሳልፈው ከጥቁሩ በኩል ያለውን ጠርዝ ያስመቷት። ስቴካውን ከመታበት ቦታ አያንሱ። ነጯ በሄደችበት መስመር ተመልሳ የስቴካውን ጫፍ መንካት አለባት።

መጀመሪያ ላይ አትነካም። ወደ ቀኝ ካመለጠች የመቷት ከመሐሏ ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ከሆነም እንደዚያው። እርስዎ ግን መሐሏን የመቱ ነው የሚመስልዎት። ለዚህ ነው ይህን ልምምድ ከሁሉም የማስቀድመው፤ ዓይን የሚሸውደውን ነጯ ተመልሳ ታሳብቃለች።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። በመጨረሻዋ ቅጽበት መዳፍ ይጨብጣል፣ ክርን ወደ ጎን ይወጣል፣ ወይም ኳሷ ሳትሄድ ጭንቅላት ይነሳል። ስልክዎን ፊት ለፊት አቁመው ይቅረጹ፤ የቱ እንደሆነ ወዲያው ያያሉ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ለማረም አይሞክሩ። መዳፍዎን ላላ ያድርጉ፣ አገጭዎ ስቴካውን ይንካ፣ ስቴካውን ወደ ኋላ ስበው ከመምታትዎ በፊት ለአፍታ ቆም ይበሉ። ኃይል አይጨምሩ። ኃይል ስህተቱን ያጎላዋል እንጂ አያርመውም።

ይህ ሲሻሻል ሰማያዊዋን በቦታዋ አስቀምጠው፣ ነጯን ከእሷና ከአንድ ቀዳዳ ጋር በቀጥታ አሰልፈው ሰማያዊዋን ያስገቧት። ነጯን ከመሐሏ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይምቷት፤ ሰማያዊዋ ገብታ ነጯ ባለችበት ቀጥ ማለት አለባት። ወደ ጎን ከሸሸች ኳሱ ቢገባም ምቱ ትክክል አልነበረም።

ነጯን ወደ ጎን ማሽከርከር ለጊዜው ይቅርብዎ። ያምራል፤ ነገር ግን ነጯን ካነጣጠሩበት መስመር ያስወጣታል፣ ያልተስተካከለ ምትንም ይደብቃል።

አሁን ባለቀለሞቹን በየቦታቸው ደርድረው ጥቂት ቀዮችን በሮዝና በጥቁር መካከል በመስመር ያስቀምጡ። አንድ ቀይ፣ አንድ ባለቀለም እያሉ ያስገቡ። ሲቀልልዎት ቀዮቹን እስከ 15 ይጨምሩ። ሁሉንም ቀይ ከጥቁር ጋር፣ ከዚያም ስድስቱን ባለቀለም በተራ አስገብቶ የጨረሰ ሰው 147 ነጥብ ያገኛል፤ ለጀማሪ ግን ከቢጫ እስከ ጥቁር ያሉትን ስድስቱን ብቻ በተራ አስገብቶ 27 ነጥብ ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው።

በሳምንት አንዴ አራት ሰዓት ከመቆም አራት ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት ይሻላል፤ የደከመ ክንድ የሚለምደው የተበላሸ ምት ነው። ውጤትዎን ደብተር ላይ ይጻፉ። ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የተበላሸበትንም ምት ይመዝግቡ፦ ኳሱን ስተው ነው ወይስ ነጯ ለቀጣዩ ምት መጥፎ ቦታ ቆማ? ስተው ከሆነ በማግስቱ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ይመለሱ። ነጯ ከሆነች ያንኑ ምት ብቻ ደጋግመው ይምቱ።