ቤተ ክርስቲያንና ፖለቲካ፦ ዐውደ ምሕረት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ በገጠር አጥቢያ ያደገ ሰው እሑድ ጠዋት የሚሆነውን ያውቀዋል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ካሰናበተ በኋላ ምእመኑ ወዲያው አይበተንም፤ ትምህርተ ወንጌል ይሰጣል፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የቆርቆሮ መዋጮውን ያስታውሳል፣ ከዚያም ከኋላ ቆሞ ያስቀደሰው የቀበሌ ሊቀ መንበር ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ፊት ይወጣና ስለ ግብር፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ወይም ስለ ማክሰኞው ስብሰባ ይናገራል። «ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ?» እያልን ስንከራከር ፖለቲካው ቀድሞን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ካህናትም ምእመናንም ደጋግመን የምንሳሳታቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማንሣት ይሻላል።

ሕጉን በግማሹ መጥቀስ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንና መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ከደነገገ በኋላ፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገቡ ይናገራል። ሹሞች የኋለኛውን ሐረግ፣ ሰባክያን የፊተኛውን በቃላቸው ይዘዋል፤ ሙሉውን ሲያነብ የሚገኝ ግን ጥቂት ነው። ካህኑም ዜጋ ስለሆነ፣ አንቀጽ 29 ለማንኛውም ሰው የሰጠው ሐሳብን የመግለጽ መብት ቀሚስ ስለለበሰ አይቀርበትም።

የዘውዱን ዘመን መናፈቅ

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። ይህን ዘመን በናፍቆት የሚያነሡ አባቶች ብዙ ናቸው፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን አብሮ አይነሣም። ጠባቂ የሆነ ንጉሥ ዳኛም ይሆናል። ጎጃም ለረጅም ዘመን የተከራከረበት፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሆነው የቅባትና የተዋሕዶ ነገር በ1870 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ በሰበሰቡት ጉባኤ እንዲዘጋ ሲደረግ፣ ክርክሩ በአዋጅ ቆመ እንጂ በየደብሩ አልበረደም።

በዙፋኑ የቆመውም ነገር ከዙፋኑ ጋር ወደቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት አብሮ ሄደ። በዓመቱ የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን ሾመዋል ተብለው ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ተገደሉ። ጳጳስ ሲሾም የቤተ መንግሥት ፈቃድ መጠየቅን ደርግ አልፈጠረውም፤ ከዘውዱ የወረሰው ልማድ ነው። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።

መገሠጽንና ወገን መያዝን አንድ ማድረግ

ከሁሉም የከበደው ስህተት ይህ ነው። በ1921 ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ይገኙበታል። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛና አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። የጎጃም ጳጳስ የነበሩት አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ወራሪው የሰጣቸውን የቤተ ክርስቲያን ርእሰነት ተቀበሉ፣ አርበኞችንም አወገዙ። «ካህን ፖለቲካ ውስጥ አይግባ» የሚለው አባባል ሁለቱን አባቶች አይለይም፤ በአባባሉ መሠረት ሁለቱም ገብተዋል። የሚለያቸው አንደኛው በገዢው ፊት የገዢውን ሥራ ክፉ ማለታቸው፣ ሌላኛው ደግሞ ከገዢው እጅ ሹመት ተቀብለው የገዢውን ቃል ማስተላለፋቸው ነው።

ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ የነገረው ስለ ኦርዮ ሚስትና ስለ ኦርዮ ደም ነበር እንጂ በዳዊት ፋንታ ማን ይንገሥ የሚለውን አልነበረም። የእኛም ሊቃውንት ቢሆኑ ሹሙ ፊት በሰሙ እያወደሱ በወርቁ የሚገሥጹበት የቅኔ መንገድ ነበራቸው፤ የጎጃሞቹ ቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ያስተማሩት ሰዋስው ብቻ አይደለም። የዛሬው ሰባኪ ድምፅ ማጉያ ይዞ የአንዱን ቡድን ስም እያነሣ ሲያሞግስ ወይም ሲረግም ስሰማ፣ ቅኔ ቤት ሳይገባ ያለፈ ይመስለኛል።

የንስሐ አባትነትን መዘንጋት

በልጅነቴ ደም ሲደርቅ፣ የገዳይና የሟች ወገን ሲታረቁ ማለቴ ነው፣ አይቻለሁ። የሟች ወገን ከሜዳው በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላው በኩል ተቀምጠው፣ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አጎንብሶ ሲመጣ፣ መካከል ላይ መስቀል ይዘው የቆሙት ቄስ የሁለቱም ወገን የነፍስ አባት ነበሩ። የሟች ታላቅ ወንድም ፊቱን አዙሮ ብዙ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ መስቀሉን ተሳለመ። ቄሱ ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ የአንዱን ወገን ነገር በጠላ ቤት ሲያሟሙቁ ተሰምተው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ይነሣ ነበር ብዬ አላምንም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎጃም ውስጥ የተኩስ ድምፅ ያልሰማ አጥቢያ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ቢሮ የተቀመጠውም ጫካ የገባውም የንስሐ አባት አለው፤ አንዳንዴም አንድ ቄስ የሁለቱም ነው። ቄሱ ከሁለቱ ለአንዱ መልእክተኛ የሆነ ቀን ሌላኛው ንስሐውን ይዞ ይቀራል፣ ነገ የሚያስታርቅ ሰውም ይጠፋል። ይህን ስል ቄሱ በደል አይቶ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም፤ ለሁለቱም «ይህ ግፍ ነው» ለማለት የሚያስችለው የሁለቱም አባት መሆኑ ነው።

ግዝትን ለፖለቲካ ማዋል

መስከረም 17 ቀን 1909 ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈትተዋቸው መንግሥት ተለውጧል። እንዲህ ያለ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አንዴ ከተሠራበት እያንዳንዱ ሹም ለራሱ ሊጠቀምበት ይመኛል። ጎጃሜ ግዝት ይፈራል፤ ይህ ፍርሃት ለምርጫ ወይም ለመዋጮ ሲውል ደግሞ ግዝቱ ይረክሳል።

የግልን አስተያየት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማስመሰል

በዚህኛው ላይ ብዙ አልልም። ቤተ ክርስቲያኒቱን ወክሎ አቋም የሚሰጠው ቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ የራሱን አስተያየት የሚናገር ካህን «የእኔ ነው» ብሎ ይጀምር።

ዐውደ ምሕረቱን ላገኘው ሁሉ መስጠት

ወደ እሑዱ ጠዋት ልመለስ። የማውቃቸው አንድ የደብር አለቃ ሊቀ መንበሩ ሊናገር ወደ ፊት ሲወጣ ክንዱን ይዘው፣ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ግብር ምስጋና ነው፤ የእናንተን ግብር ከሾላው ሥር ንገሯቸው» አሉት። ሾላው ከቅጽሩ በር ውጭ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ሕዝቡ ሳቀ፣ ሊቀ መንበሩም ትንሽ ቅር ብሎት ወጣ። ከሳምንታት በኋላ የሌላኛው ወገን ሰው መጥቶ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲፈቀድለት ሲለምን፣ አለቃው ጣታቸውን ወደ ሾላው ቀሰሩለት።