የጎጃምን ቤተሰብ በፊልም ስታሳዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም ትንንሽ ከተሞች የሚካሄድ የፊልም ድርሰት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የአባትየውን ንግግር ነው። ብዙ ጊዜ ይጮኻል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቢቸና ያደገ ሰው ግን የተቆጣ አባት ጋቢውን አስተካክሎ ዝም ሲል ያውቃል። ልጆች የሚሸሹት ያን ዝምታ ነው።

ከዚህ የሚብሰው እናትን አልቃሻ ብቻ ማድረግ ነው። የጎታው እህል በእጇ ነው፤ ለገበያ ምን ያህል እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። ባሏን «አንቱ» ስትል ተዋናይዋ እንደ ፍርሃት ከተጫወተችው ትዕይንቱ ተበላሸ። በዚያው አንቱታ «ይህን በሬ አይሽጡት» ትላለች፤ በሬውም አይሸጥም። ቤተሰቡ ገጠር መሬት ካለው ደግሞ የይዞታ ደብተሩን አስቡት፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ስለ ፍቺ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ደብተር እንዴት ይረሳል?

ሽማግሌ በተላከበት ዕለት «እሺ» የሚል አባትም አትጻፉ። «ዘመድ እንማከርበት» ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል።

ያለዕድሜ ጋብቻን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ በጣም ያናድደኛል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ነው። ዛሬ ልጁን ያለዕድሜዋ የሚድር አባት ሕጉን ያውቃል፤ ድግሱን ሌላ ድግስ ያስመስላል፣ ከጎረቤት ዓይን ይሸሻል። ፊልሙ ያን መደበቅ ካላሳየ ልጅቷን በድሏል።

የጎጃምን አነጋገር ለማሳቂያ ማዋልም ይቅር። እናቶቻችን የሚመርቁን በዚያ አነጋገር ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከተማዋን ያለ ተከራይ ተማሪዎች ማሳየት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተመልከቱ፦ ከገጠር የመጡ ልጆች እንጀራ፣ ድርቆሽና ሽሮ በማዳበሪያ ተሸክመው ወደ ኪራይ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው ታላቅ እህት አለች። እሷም እንደ ወንድሞቿ ተማሪ ናት፤ ነገር ግን ወጡን ሠርታ፣ ልብሳቸውን አጥባ፣ እነሱ ሲተኙ ደብተሯን ትከፍታለች። ወላጆቿ «ወንድሞችሽን አደራ» ብለው ልከዋታል፤ የእሷን ፈተና የጠየቀ የለም። ካሜራውን እሷ ላይ አቆዩት። ሐሙስ ማታ ስንቁ ሊያልቅ ሲል የቀረውን እንጀራ ስትቆጥር፣ ለራሷም ግማሹን ብቻ ስታስቀር ይታይ።