የድረ ገጽን ክፍል በጽሑፉ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰሜን ሸዋ ከተሞችን የመኪና ታሪፍ የያዘ ሠንጠረዥ አለ እንበል፤ የደብረ ብርሃንን ረድፍ በጃቫስክሪፕት ማግኘት ፈልገዋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ «ኮንቴይንስ» የተባለውን በጽሑፍ የሚመርጥ መምረጫ ለኩዌሪሴሌክተር (በሲኤስኤስ መምረጫ ኤለመንት ለሚፈልገው ትእዛዝ) ይሰጣል። መምረጫው የጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) እንጂ የሲኤስኤስ አይደለምና ብራውዘሩ የሲንታክስ ስህተት ይጥላል። ሴሎቹን በኩዌሪሴሌክተርኦል ሰብስበው፣ ወደ አሬይ (ዝርዝር) ለውጠው፣ በፋይንድ ይፈልጉ።

ሲሰበስቡ ሁሉንም ኤለመንት የሚመርጠውን የኮከብ ምልክት አይጠቀሙ። የኤለመንቱን ጽሑፍ የሚሰጠው ቴክስትኮንተንት የውስጥ ልጆችን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚጨምር ኤችቲኤምኤልም ቦዲም ቃሉን «ይይዛሉ»፤ ፋይንድ ደግሞ የመጀመሪያውን ይመልሳል፤ ሙሉው ገጽ ይመጣልዎታል። ቲዲ (ሴሉን) ብቻ ይምረጡ፤ ረድፉን ከፈለጉ ከዚያ በክሎዘስት ወደ ቲአር ይውጡ።

ጽሑፉ ቃሉን በውስጡ መያዙን የሚያየው ኢንክሉድስም ይሸውዳል። «መንዝ» ሲሉ መንዝ ጌራ ምድርም መንዝ ማማ ምድርም ይወጣሉ። ሙሉ ስም ከሆነ በሦስት እኩል ምልክት ያወዳድሩ፤ በፊት ግን ትሪም ያድርጉ (የዳርና ዳሩን ክፍተት ያስወግዱ)፤ በኮዱ ውስጥ ያለው ክፍተትና አዲስ መስመር ከስሙ ጋር ይመጣልና።

ሰዓት የሚበላው ግን ፊደሉ ነው። አንዱ «ብርሃን»፣ ሌላው «ብርሀን» ብሎ ይጽፋል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ (በፊደላት የኮድ ሥርዓት) ግን ሃ በሄክሳዴሲማል 1203፣ ሀ 1200 ስለሆኑ አይገጥሙም። ቱሎወርኬዝ እዚህ ምንም አይሠራም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። የዩኒኮድ ቅርጾችን የሚያስተካክለው ኖርማላይዝም አያዋህዳቸውም። ስለዚህ የራስዎን ፈንክሽን ይጻፉ፦ በቻርኮድአት የፊደሉን ኮድ አውጥተው፣ ለሰባቱም የፊደል ቅርጾች፣ በዴሲማል ቁጥር ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128፣ ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 ይቀንሱ፤ በሠ ቤት ላይ 16 ይደምሩ። ቀጥሎ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይለውጡ። «ሸዋ ሮቢት» እና «ሸዋሮቢት» እንዲገናኙም ክፍተቱንና ሁለት ነጥቡን («፡») ያውጡ። ፈንክሽኑ በገጹ ጽሑፍም በሚፈልጉት ቃልም ላይ ይሥራ፤ በአንዱ ብቻ ካለፈ ጭራሽ ይብሳል።

ኤክስፓዝ (ሌላ የኤለመንት መፈለጊያ ቋንቋ) የሚጠቀሙ ከሆነ በራሱ የኮንቴይንስ ፈንክሽን ውስጥ «text()» አይስጡት፤ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ኖድ ብቻ ያያል። ሴሉ «መነሻ»፣ ከዚያ ቢአር (መስመር መቁረጫ)፣ ከዚያ «ደብረ ሲና» ቢል አያገኘውም። በምትኩ ነጥብ («.») ያስገቡ።

ሠንጠረዡ በፌች (ዳታ ከሰርቨር በሚያመጣው ትእዛዝ) የሚመጣ ከሆነ ፍለጋው ረድፎቹ ከገቡ በኋላ ይሁን። ገጹ የራስዎ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቲአር በዳታ አትሪቢዩት የማይለወጥ መለያ ይስጡት፤ ያን ጊዜ በጽሑፍ መፈለግም አያስፈልግዎትም።